ለለቅሶ የተፋቀ እንሰት

የሎንሳሜ የሕይወት ታሪክ ተነብቦ ለማለቅ አንድ ጉንጭ ውሃ የመዋጥ ያህል እንኳ አልፈጀም። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ፣ አገጩ ላይ ገና ጢም ማብቀል የጀመረ ወጣት፣ በመቃብሩ አፋፍ ቆሞ ወረቀቱን ከካፊያው በመዳፉ እየከለለ አነበበ። «እናታችን ሎንሳሜ ጣሊያን በወጣ ሰሞን ተወለዱ። ከአባታችን ከአቶ ሱጋሞ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ልጆች ወለዱ። የቤት እመቤት ነበሩ። ወደ ጌታቸው ሄዱ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ከሴቶቹ መካከል አንድ የሻከረ ድምፅ ተነሣ።

«አለቀ?»

የሟቿ ጎረቤት ጡሜ ነበረች። ስልሳን ያለፈች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት።

«አልቋል፣ እናቴ» አለ ጸሐፊው ግራ ገብቶት።

«ምኑ ነው ያለቀው? የጠፋ በግ እንኳ ሲፈለግ ከዚህ የረዘመ ይነገርለታል! ጆሮው እንዲህ ነው፣ ጭራው እንዲያ ነው ይባላል!»

የሟቿ ባል ወንድም አቶ ሀንዲሶ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቀብር ላይ ነን። አርፈሽ ቁሚ።»

«ቆሜአለሁ። የተቀመጠ አለ?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቁን በነጠላው ጫፍ አፈነ። ኤርጎጌ አልሣቀችም። የሎንሳሜ የልጅ ልጅ ናት። ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራቸው «አማ» ብላ ነበር፤ በሀዲያ እናት የምትጠራው እንዲያ ነው። ጸሐፊው ጠዋት ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ የጠየቀው እሷን ነበር። ሰው በሚያለቅስበት ቤት ውስጥ፣ ሬሳው እየታጠበ፣ አንድ ሕይወት ከየት ተጀምሮ ይነገራል? የመጣላትን መለሰችለት፣ እሱም ጻፈ። አሁን አፈሩ በሳጥኑ ላይ መውረድ ሲጀምር ግን፣ ያልተነገረው ሁሉ ተራ በተራ ይመጣባት ጀመር።

አማ ወደዚህ ግቢ የመጡት ጡታቸው ገና ሲያጎጠጉጥ ነበር። ከጫጉላ ሲወጡ አማታቸው የሰጧቸው ነገር ቢኖር የእንሰት መፋቂያ ሳንቃና ከቀርከሃ የተሠራ መፋቂያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው በሙሉ ከቤቱ ጀርባ በነበረው የእንሰት ጓሮ ውስጥ አለፈ ማለት ይቻላል። መትከል፣ ማዛወር፣ ፍግ መሸከም፣ ሲደርስ ጥሎ መፋቅ፣ ቆጮውን በኮባ ጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር። ልጅ ወልደው ተነሡና እዚያው ጓሮ ገቡ። ልጅ ቀብረው ተነሡና እዚያው ጓሮ ገቡ። ከወለዷቸው ውስጥ ኩፍኝ የወሰደው አለ፣ ሳል የወሰደው አለ፣ ምን እንደወሰደው ሳይታወቅ ጠዋት ቀዝቅዞ የተገኘም አለ። የመጨረሻው፣ ላምቤቦ፣ በሕይወት ቀረላቸው። አገሩም «የላምቤቦ እናት» እያለ ይጠራቸው ጀመር።

ላምቤቦ አድጎ ታደለችን አገባና ኤርጎጌን ወለዱ። የታደለች ሁለተኛ ምጥ በክረምት መጣ። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያው ወረዱ፤ ወንዙ ግን ሞልቶ ድልድዩን ሸፍኖት ነበር። ውሃው እስኪጎድል ጠበቁ። ታደለች እዚያው ወንዙ ዳር፣ አማ ነጠላቸውን ከልለውላት፣ ወንድ ልጅ ወለደችና ደሟ አልቆም አለ። ውሃው ሲጎድል ቃሬዛው ወደ መጣበት ዞረ። ያን ጊዜ ኤርጎጌ ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። አጥር ላይ ተንጠልጥላ ስትጠብቅ ያየችው ነገር ከዓይኗ አልጠፋም። አማ ከቃሬዛው ቀድመው ዳገቱን በፍጥነት ይወጣሉ፤ ደረታቸው ላይ በልብሳቸው ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ወደ ራሳቸው ቤት አልገቡም። በቀጥታ ወደ ጡሜ ደጃፍ ሄዱ። ጡሜ ያን ሰሞን የራሷን ሕፃን ታጠባ ነበር።

«ጡሜ፣ ጡት አለሽ?»

«ለራሴም ልጅ አልበቃኝ ብሏል።»

«አውቃለሁ። ግማሹን ስጪኝ።»

ጡሜ የእናትየውን ነገር አልጠየቀችም። የአማን ቀሚስ አይታ ገባት። እጆቿን ዘረጋችና ልጁን ተቀበለች። ኢዮብ የሚባለው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ አማ በየቀኑ ማለዳ ለጡሜ ቡላ ያገነፉላት ነበር። ቅቤና አይብ ሲገኝ ደግሞ ለእንግዳ የሚቀርበውን አተካና ሠርተው አጠገቧ ቁጭ ብለው ካላስጨረሷት አይነሡም።

«እንደ ላም ሊያልቡኝ ነው እንዴ?» ትላለች ጡሜ አፏ ሞልቶ።

«ላም ብትሆኚማ እኔ እገላገል ነበር። ላም አትናገርም።»

እንዲህ ስለተዋደዱ ግን ሰላም ወረደ ማለት አይደለም። ኢዮብ ጡት ሲጥል ወደ ድሮው ጠባቸው ተመለሱ። ሁለቱን ጓሮዎች የሚለየው ቦይ ነው፤ የጡሜ ዶሮዎች ደግሞ ቦይ አያውቁም። ተሻግረው አማ አዲስ የተከሉትን ችግኝ ሥሩን ይጭሩታል።

«ጡሜ! ዶሮሽን እሰሪ፣ አለበለዚያ ወጥ አደርጋታለሁ!»

«በምን ቅቤዎ? አንቱ ሴትዮ፣ ዶሮ ማንበብ አትችል፤ ድንበሩን በምን ትወቀው?»

«ባለቤቷስ መቼ ታውቃለች!»

ይሄ በየማለዳው የሚደረግ ነበር። ኤርጎጌና ኢዮብ በጩኸቱ ነበር የሚነሡት። አንድ ቀን ጩኸቱ ከዘገየ ሱጋሞ ራሳቸው ከመደባቸው ቀና ብለው «ዛሬ አንዳቸው ታመዋል እንዴ?» ይሉ ነበር።

ከአማ ጋር እውነተኛ ጠብ የተጣሉት ሱጋሞ ናቸው። የጎረቤት ልጆች በሞያሌ በኩል እየወጡ ደቡብ አፍሪካ ሲገቡና የአባቶቻቸው ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ሱጋሞ ሁለቱን በሬዎችና የታችኛውን እርሻ ሸጠው ላምቤቦን ለመላክ ቆረጡ። ላምቤቦ ራሱ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ በቤቱ መቀመጥ ከብዶት ነበርና እሺ አለ። አማ ብቻ እምቢ አሉ።

«የሌላው ሰው ልጅ ቪላ ሠራ» አሉ ሱጋሞ። «የእኔ ልጅ እዚህ ጭቃ ሲረግጥ ይኑር?»

«ጭቃ የረገጠ ሞተ? ሌሎቹን አፈር ወሰደብኝ። ይኼን ደግሞ አንተ ለመንገድ ልትሰጥብኝ ነው?»

«አፍሽን ያዢ! ሟርተኛ!»

አማ አፋቸውን ያዙ። ላምቤቦ ሲሄድ ስንቁን አሰሩለት፤ አንገቱን ይዘው አላለቀሱም። ከብዙ ወራት በኋላ ደረስኩ ብሎ ደወለ። ሱቅ ተቀጠረ፣ ቆይቶም የራሱን ትንሽ ሱቅ ከፈተ። በላከው ገንዘብ የተገዛው ቆርቆሮ በአሮጌው ሣር ፋንታ ጣሪያው ላይ ሲመታ ሱጋሞ መንደሩን ሁሉ ጠርተው አስጎበኙ። አማ ግን ቆርቆሮውን አልወደዱትም። ዝናብ ሲመታው ልጆቹ ቢያስሉ አይሰማኝም ይሉ ነበር።

ላምቤቦ የሞተው ኤርጎጌ አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አቶ ሀንዲሶና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከባህር ዛፉ ሥር ቆመው ጠበቋት። ሰዎች ሱቁ ገብተው እንደተኮሱበት ነገሯት። ከነገሯት በኋላ ክንዷን ይዘው እስክታበቃ አስለቀሷትና፣ አቶ ሀንዲሶ ፊቷን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«አሁን ስሚኝ ልጄ። ሁለቱም አያቶችሽ እንዳይሰሙ። ሱጋሞም ሎንሳሜም። ሬሳው እዚያ ባለው ወገን መዋጮ ይመጣል፤ ግን ይቆያል። ሬሳ ሳይኖር ለእናቱ መርዶ ቢነገራት ሳጥኑ እስኪደርስ እሷም ታልቃለች። አገሩ ሁሉ ተስማምቷል። አንቺም ቻይው።»

ወንዙ ወርዳ ፊቷን ታጥባ ገባች። አማ ደጃፍ ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ጭስ ነው፣ አማ።»

አማ ወደ ምድጃው ዞር ብለው አዩ። እሳት ገና አልተነደደም። ጎመናቸውን መቀንጠስ ቀጠሉ።

በማግስቱ ማለዳ የጡሜ ዶሮ እንደ ልማዷ ቦዩን ተሻግራ ችግኙን ጫረች። አማ ድንጋይ አንሥተው ወረወሩና ጮኹ። «ጡሜ! ይቺን ሌባሽን አንድ ቀን አንገቷን ነው የምጠመዝዛት!»

መልስ አልመጣም። ኤርጎጌ በር ላይ ቆማ ነበር። ጡሜ ከቤቷ ወጣች፣ ዶሮዋን አባራ ያዘች፣ እግሯን በገመድ አሰረች። ከዚያም ቀና ሳትል «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ሁለተኛ አይለምዳትም» አለች።

አማ እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ጡሜ በሕይወቷ ይቅርታ ጠይቃቸው አታውቅም። እትዬም ብላቸው አታውቅም። ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት፤ ጡሜ ግን ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። አማ ችግኙን አፈር አለበሱት፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ቀስ ብለው ወደ ጓሮው መሀል ሄዱ። እዚያ የቆሙት የደረሱት እንሰቶች ናቸው፤ ለትልቅ ጉዳይ ተብለው ሳይነኩ ዓመታት የቆዩ። አንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ቢላቸውን አምጥተው ቅጠሉን መመልመል ጀመሩ።

«አማ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች ኤርጎጌ።

«መፋቂያውን አምጪልኝ።»

ያን ቀንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አማ ፋቁ። የእንሰቱን ሽፋን ሳንቃው ላይ በእግራቸው ቸንክረው ይዘው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች። የእርጥቡ እንሰት ሽታ ቤቱን ሞላው። ከአሮጌው ጉድጓድ የደረሰውን ቆጮ አወጡ፤ ከአዲሱም ጋር ቶሎ እንዲደርስ እርሾ ቀላቀሉበት። ቡላውን አጠለሉ። ቃጫውን አጥር ላይ አሰጡ። በሁለተኛው ቀን ጡሜ ሳትጠራ መፋቂያዋን ይዛ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ ሌላ ሴት መጣች፣ ከዚያም ሌላ። እንሰት ሲፋቅ ወንድ ስለማይቀርብ ሴቶች የሚሳሳቁበትና ባሎቻቸውን የሚያሙበት ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ግን ከመፋቂያው ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሁሉም ያውቃሉ፤ ሁሉም ለስምምነቱ ሲሉ ይጠነቀቃሉ። ለማን እንደሚፋቅ የጠየቀ የለም።

ሱጋሞ ብቻ ምንም አልገባቸውም። «ሴትዮዋ አብዳለች። ልጁ ለገና እመጣለሁ አለ እንዴ?» እያሉ ይስቁ ነበር።

አቶ ሀንዲሶ ወሬው ደርሷቸው መጡና፣ ልማዱ አይፈቅድምና ከአጥሩ ውጪ ርቀው ቆሙ።

«የላምቤቦ እናት! ደህና ነሽ ወይ? ምን ድግስ ኖሮ ነው?»

አማ መፋቃቸውን አላቆሙም። «ሀንዲሶ፣ ስንት ሰው ይመጣል?»

ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን ገቱ። አቶ ሀንዲሶ አጥሩን በአንድ እጃቸው ያዙ። ሽማግሌ ናቸው፤ በአውራጃው ሁሉ የነፍስ ጉዳይ ሲያስታርቁ ቃል ጠፍቷቸው አያውቅም።

«ብዙ ሰው ይመጣል» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ሊሰማ እስከማይችል ዝግ ብሎ። ከዚያም ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

«እንግዲያው ይኼ አይበቃም» አሉ አማ። ተነሥተው ሌላ እንሰት ለመጣል ሄዱ። ጡሜ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነክሳ ስትፍቅ ኤርጎጌ አየቻት።

ለምን እንዳላለቀሱ፣ ለምን አውቄአለሁ ብለው እንዳልጮኹ ኤርጎጌ ኋላ ላይ ብዙ አስባበታለች። ምናልባት ካልተነገራቸው ገና እውነት አልሆነም። ምናልባትም ሱጋሞ እንዲያ ሲስቁ አንድ ሳምንት ይጨመርላቸው ብለው ይሆናል። አማ ራሳቸው ተጠይቀው አልመለሱም።

ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ መጡ። በሩን ሲያንኳኩ አማ ለብሰው፣ ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው ታጥቀው ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ከእግዚአብሔር ሥራ፣ ከሰው ልጅ አላፊነት ሊጀምሩ ሲሉ አማ አቋረጧቸው።

«የት ደርሷል?»

«ሆሳዕና ገብቷል» አሉ አቶ ሀንዲሶ።

ከውስጥ የሱጋሞ ጩኸት ተሰማ። ያን ጩኸት መንደሩ ዛሬም ያወራዋል። አማ ባላቸውን ለወንዶቹ ትተው ወጡና መንገዱ ዳር ቆሙ።

ሳጥኑ የሚያብረቀርቅ፣ ትልቅ፣ ፊት የሚታይበት መስኮት የሌለው ነበር። አማ ክፈቱልኝ አሉ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አይከፈትም፣ ታሽጓል፣ ቀኑም ቆይቷል፣ ደግ አይደለም አሏቸው።

«እሱ መሆኑን ማን አየ?»

ከሬሳው ጋር የመጣው ወጣት ወደ ፊት ወጣ። ከዚያው ቀዬ የሄደ፣ ከላምቤቦ ጋር አንድ ቤት ይኖር የነበረ ልጅ ነው። «እኔ አይቻለሁ፣ እናቴ።»

«ፊቱን አየኸው?»

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። «ፊቱን... ፊቱን አይደለም።»

አማ ልጁን አዩት። «እጁንስ?»

«እጁን አይቻለሁ።»

«አጥባችሁታል?»

«እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉት። ጡሜ ከኋላ ባትደግፋቸው ድንጋዩ ላይ ይወድቁ ነበር።

በለቅሶው ላይ ከየወረዳው የመጣ ሕዝብ በላ። አንድም ሰው ሳይቀምስ አልተመለሰም። ሐዘንተኛ አይሠራምና አማ እንደ ደንቡ መሬት ላይ በተነጠፈ የእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ግን ዓይናቸው ከሰዉ እጅ ወደ አፉ ሲመላለስ ኤርጎጌ አስተውላለች። ከለቅሶው በኋላ ሰዎች «የላምቤቦ እናት» ብለው መጥራት ጨነቃቸው። አንዷ ጎረቤት በአዘኔታ «የኤርጎጌ አያት» ብላ ብትጠራቸው ኮስተር ብለው፣ «ስሜን ማን ለወጠው? ወልጄዋለሁ እኮ» አሏት። አገሩም ወደ ድሮው ተመለሰ።

ሱጋሞ ዓመት ሳይሞላ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። አማ ያጥቧቸዋል፣ ያገላብጧቸዋል፣ ቡላ በወተት አቅጥነው በማንኪያ ያጎርሷቸዋል። ይሄ ለዓመታት ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ኤርጎጌ እንጨት ይዛ ስትገባ አማ ማንኪያውን እንደያዙ፣ እንደ ወሬ ባለ ድምፅ ለባላቸው ሲናገሩ ሰማች።

«አንተ ነህ የላክኸው። በበሬዎቹ ነው የላክኸው። እኔ አይሂድ ብዬህ ነበር።»

ሱጋሞ መመለስ አይችሉም። እንባቸው ብቻ በደህናው ጉንጫቸው በኩል ወረደ። አማ ማንኪያውን አስቀመጡና እንባውንም አገጫቸው ላይ የተንጠባጠበውንም ባንድ ጨርቅ ጠረጉ። «ዋጥ። ገና አለ» አሉና ቀጣዩን አጎረሱ። ኤርጎጌ ያን ነገር ሲደግሙት አልሰማችም። ሱጋሞ እስኪሞቱ ድረስ ገላቸው አንድ ቁስል አላወጣም፤ ሬሳቸውን ያጠቡት ሽማግሌዎች መስክረዋል።

ኤርጎጌ ሆሳዕና አግብታ በገበያው ልብስ መሸጥ ከጀመረች በኋላ ነው በሽታው ጓሮው ውስጥ የገባው። በመጀመሪያ የአንዱ እንሰት የመሀሉ ቅጠል ቢጫ ሆነና ተጠማዘዘ። አማ ቆርጠው ሲያዩት ከውስጡ እንደ መግል ያለ ፈሳሽ ወጣ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። የግብርና ባለሙያው መጥቶ መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ ከመቅበር በቀር፤ ደግሞም በቢላ ይተላለፋል አለ።

ያን ዕለት አማ ቦዩ ዳር ቆመው ተጣሩ። «ጡሜ! ከዛሬ ጀምሮ ቢላ ልዋስ ብለሽ እንዳትመጪ።»

«ምነው፣ በስተርጅና ስስት ጀመረዎት?»

«ጓሮዬ ታሟል።»

ጡሜ ቦዩን ተሻግራ ልታግዛቸው ብትል አማ በቁጣ ከለከሏት። በእግርሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ አሏት። ያን ሁሉ የተከሉትን በገዛ እጃቸው ነቀሉ። ኢዮብ ሆሳዕና የሚነዳውን ባጃጅ አቁሞ ለሁለት ቀን መጥቶ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ቀጠሉ። የሰማንያ ዓመት አሮጊት ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ ግንድ ስትጎትት መንገደኛ ቆሞ ያያት ነበር። ጡሜ የራሷ ጓሮ ዳር ላይ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ ትጠብቃቸዋለች፤ ቢወድቁ ለመጮህ። የጡሜ እንሰት ተረፈ። የአማ ጓሮ ግን ባዶ ሜዳ ሆነ። ኤርጎጌ ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር ጀርባቸውን ለጓሮው ሰጥተው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀምጠው ታገኛቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቶሎ ደከሙ። እህል አልገባ አላቸው። ኤርጎጌ ሱቋን ዘግታ መጥታ አስታመመቻቸው። ሆሳዕና ሆስፒታል እንሂድ ስትላቸው «እዚያ ማን ያውቀኛል?» አሉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ይጣሩ ጀመር። ዋቼ፣ ሎምቢሶ፣ አቡሼ፣ ባቴ። ኤርጎጌ መጀመሪያ ጎረቤት የሚጠሩ መስሏት ነበር። ጡሜ ናት በጆሮዋ የነገረቻት፤ የሞቱባቸው ልጆች ናቸው፤ የዘንድሮ ሰው ስማቸውን አያውቅም።

«አማ፣ እዚህ ነኝ። ኤርጎጌ ነኝ።»

«አንቺንማ አውቅሻለሁ» አሉ አማ፣ ትዕግሥታቸው እንዳለቀ ሰው። «አንቺ በልተሻል። እነዚህ ናቸው ያልበሉት።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ጡሜ እግራቸውን ስታሽ፣ ትንፋሻቸው ቆመ። ጡሜ ለጥቂት ጊዜ ማሸቷን አላቆመችም።

መቃብሩ ሞልቶ ሰዉ ሲበተን ዝናቡ ጠንክሮ ወረደ። ወደ ለቅሶው ቤት ገቡ። ሴቶቹ በቅጠሉ ላይ ተቀምጠው፣ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ድምፅ በላይ እየጮኹ መነጋገር ነበረባቸው። ከኤርጎጌ አጠገብ የተቀመጠች፣ በቅርቡ እዚያ ሰፈር ያገባች ልጅ «ጡሜ ቀብሩ ላይ ምን ልትል ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ኤርጎጌ ከወንዙ ዳር ጀመረችላት። ጡሜ ሰማቻትና «አይደለም፣ ጡት አለሽ ወይ አይደለም ያሉኝ፣ ጡትሽን አምጪ ነው ያሉኝ፣ እንደ ዕዳ ነው የጠየቁኝ!» ብላ ገባችበት። ኤርጎጌ ደግሞ አንቺ በር ላይ ነበርሽ፣ እኔ ነኝ አጥሩ ላይ ሆኜ የሰማሁት አለቻት። ሴቶቹ ዙሪያቸውን ቀረቡ። የተፋቀውን እንሰት የሚያስታውሱ ሁለት ሦስት ነበሩ፤ እነሱም ጨመሩ። እስኪመሽ ተወራ። ወንዶቹ በድንኳኑ በኩል ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ያወሩ ነበር።

ለቅሶው ሲነሣ ኢዮብ እህቱን ወደ ጎን ጠራት።

«ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል? አንቺ አትኖሪ፣ እኔ አልኖር።»

«እንሰት እንደገና ይተከል። ጡሜ ችግኝ እሰጣለሁ ብላለች።»

«ተክሎስ ማን ይፍቀው? ሚስቴ ጥፍሯን ቀለም የምትቀባ ናት።» ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «አፈሩ በሽታውን ይዞታል፣ ኤርጎጌ። ባህር ዛፍ ነው የሚያወጣኝ። አማን የማልወድ መስሎሽ እንዳይሆን።»

«አልመሰለኝም» አለች። የሚላት ሁሉ ልክ ነበር።

ኢዮብ ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮውንና ማገሩን ሸጠ፤ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ባህር ዛፍ ተከለበት። ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል። በሦስተኛው ዓመት ከመንገዱ ሲታይ ቤት የነበረበትና ጓሮ የነበረበት ቦታ አይለይም። ኤርጎጌ በዚያ በኩል የልብስ ጥቅሏን ጭና ወደ ገጠር ገበያ ስታልፍ አልፎ አልፎ መኪናውን አስቁማ ጡሜ ዘንድ ትገባለች። ጡሜ አጥርታ መስማት ስላቃታት ጮኽ ብሎ ማናገር ያስፈልጋል። የቀሚስ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ስንት እንደሆነ ሲነገራት ሌቦች ናችሁ ትላለች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ኤርጎጌ ተነሥታ ጉልበቷን ትስማለች። ከዚያ በዛፎቹ አጠገብ አልፋ ወደ መንገዱ ትወጣለች።